ከጥላ እስከ ስም፦ የአውሮፓ ህዳሴ ዘመን የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾች

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጀርመን ምድር የተጻፈ አንድ የሕግ መጽሐፍ አለ። ስሙ «ዛክሰንሽፒገል» ይባላል፤ የሳክሶኖች መስተዋት እንደ ማለት ነው። መጽሐፉ ሰው በሰው ላይ በደል ሲፈጽም ተበዳዩ እንደየማዕረጉ ምን ካሣ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ከመሳፍንቱ ጀምሮ ወደ ባላባቱ፣ ከባላባቱ ወደ ገበሬው እያለ ይወርዳል። ለቀን ሠራተኛው እንኳ ሁለት የሱፍ ጓንትና አንድ የፍግ መንሽ ይሰጠው ይላል። ተራው የዘላን ሙዚቀኛው ሲሆን ግን ካሣው የአንድ ሰው ጥላ ነው። ለተመታው፣ ለተሰደበው፣ ለተዘረፈው ተጫዋች ሕጉ የሚሰጠው የበዳዩን ጥላ ብቻ ነበር።

ከዚህ ሕግ 250 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1473 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሙኒክ ከተማ አንድ ኦርጋን ተጫዋች አረፈ። የተቀበረው በከተማዋ ታላቅ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ምስሉ ተቀርጾለታል፤ ትንሽ ኦርጋን ይዞ ይጫወታል፤ በዙሪያው ሉት፣ በገና፣ ዋሽንትና በደጋን የሚመታ መሣሪያ ይታያሉ። ሰውየው ኮንራድ ፓውማን ይባላል።

ጥላ ከሚከፈለው ተጫዋች ምስሉ በድንጋይ እስከተቀረጸለት ተጫዋች ድረስ ያለው መንገድ እንዴት ተሄደ? ደግሞስ ሁሉም ሄዱበትን? ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ይህንኑ ጥያቄ ነው። በእኛ ቋንቋ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ከግእዙ «ዘመረ» ጋር አንድ ሥር ይዞ ሳለ፣ ከአንዳንድ ሰው አፍ ሲወጣ ስድብ እንደሚሆን አንባቢ ያውቃልና ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የከተማው ነፊዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ማኅበር መመሥረት ነበር። በ1321 በፓሪስ 37 ሙዚቀኞች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ተሰብስበው የሙያ ማኅበራቸውን ደንብ አጸደቁ። ቆይተውም ለድሆችና ለመንገደኛ ሙዚቀኞች መጠለያና የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። ቤት የሌለው ዘላን የሚባለው ሰው በዚህ ሁኔታ አድራሻ፣ ደንብና ታቦት አገኘ።

ሁለተኛው እርምጃ ከከተሞች መጣ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ራሱን የሚያከብር የኢጣሊያ፣ የጀርመን፣ የፍላንደርስ ወይም የእንግሊዝ ከተማ ሁሉ የራሱን ነፊዎች ይቀጥር ጀመር። ደመወዝ፣ የደንብ ልብስ፣ አንዳንድ ዘንድም የከተማው ዓርማ ያለበት የብር ምልክት ይሰጣቸው ነበር። ሥራቸው ብዙ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይቀበላሉ፤ በበዓል ቀን በሰልፍ ፊት ይሄዳሉ፤ በሠርግ ያጫውታሉ። ማማ ላይ ቆመው ሰዓት የሚያሳውቁ፣ እሳት ሲነሣ ወይም ጠላት ሲታይ በመለከት የሚያስጠነቅቁም ነበሩ። እንግሊዞች እነዚህን ሰዎች «ዌይትስ» ይሏቸው ነበር፤ ቃሉ ቀድሞ የሌሊት ዘብ ማለት ነው።

የዘመኑ ሰው መሣሪያዎችን ጯሂና ለስላሳ ብሎ በሁለት ይከፍላቸው ነበር። መለከት፣ ትሮምቦንና ሾም የተባለው ድምፀ ኃይለኛ የእንጨት ቧንቧ ለአደባባይ ናቸው። ሉት፣ በገና፣ ዋሽንትና ትንሹ ኦርጋን ለእልፍኝ ናቸው። ጄንቲሌ ቤሊኒ በ1496 የሣለውን የቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሰልፍ የተመለከተ ሰው ረጃጅሞቹን መለከቶችና የተሸካሚዎቻቸውን የተነፋ ጉንጭ ያስታውሳል። ያለ መለከት የከተማ መስፍን መስፍን አይመስልም፤ ያለ ነፊ ሠርግ ሠርግ አይሆንም። እንዲያውም በብዙ የጀርመን ከተሞች አንድ ሠርገኛ ስንት ሙዚቀኛ ሊያቆም እንደሚችል በማዕረጉ ልክ በሕግ ተወስኖ ነበር። የነፊዎቹ ቁጥር የሠርገኛውን ክብር ይናገራልና።

ይህ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነበር፤ ልጅ ሁሉ ግን ደስ ብሎት አልተቀበለውም። ዝነኛው ወርቅ አንጥረኛና ቀራጺ ቤንቬኑቶ ቼሊኒ የፍሎረንስ ከተማ ነፊ ልጅ ነው። በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚነግረን አባቱ ከምንም በላይ የሚመኘው ልጁ ታላቅ ነፊ እንዲሆንለት ነበር። ልጁ ደግሞ ያንን መሣሪያ እንደ እርግማን ያየው ነበር፤ የሚነፋው አባቱን ላለማሳዘን ብቻ ነው። ሮም ከሄደ በኋላም በሊቀ ጳጳሱ በቀሌምንጦስ ሰባተኛ ፊት ነፍቶ በቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች መዝገብ ገብቷል። በመጨረሻ ግን መዶሻውንና እሳቱን መረጠ። የፐርሴየስ ሐውልቱ ዛሬም በፍሎረንስ አደባባይ ቆሞ ይታያል። የአባቱ ጨዋታ ግን ከአባቱ ትንፋሽ ጋር አልፏል። ልጁ የሸሸው ድካሙን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ሊሆን ይችላል።

ማየት የተሳናቸው ሊቃውንት

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሀብቱ የነገሥታትን የሚያስንቅ ቤተ መንግሥት የቡርጎኝ መስፍን የፊሊፕ ደጉ ነበር። ቁስጥንጥንያ በ1453 በቱርኮች እጅ ከወደቀች በኋላ መስፍኑ በየካቲት 1454 በሊል ከተማ ታላቅ ግብር አደረገ፤ ባላባቶቹን ለመስቀል ጦርነት ቃል ለማስገባት ነው። ከማዕዱ መካከል አንድ ግዙፍ የሊጥ ጋግር ነበረ፤ በውስጡ 28 ሙዚቀኞች ተቀምጠው እየተራ ይጫወቱ ነበር። ይህን ያዩ ጸሐፊዎች ጋግሩንም ቁጥሩንም መዝግበዋል። ሙዚቀኛ በዚያ ማዕድ እንደ ሽንጥና እንደ ወይን ጠጅ ከጌትነት መገለጫዎች አንዱ ነበረ።

በዚሁ ቤተ መንግሥት ግን ሁለት ዓይነ ስውራን የደጋን መሣሪያ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ዣን ፈርናንዴስና ዣን ደ ኮርዶቫል ይባላሉ። በ1440ዎቹ መጀመሪያ ግጥሙን የጻፈው ማርቲን ለ ፍራንክ ስለ እነርሱ አንድ ትዕይንት ትቶልናል። የዘመኑ ታላላቅ የዜማ ደራስያን ዱፋይና ባንሽዋ የሁለቱን ጨዋታ ሰምተው በራሳቸው ሥራ እንዳፈሩ ይተርካል። ጽሕፈትን የተማሩት፣ ቀመርን የሚያውቁት ሊቃውንት በማያነቡ ሰዎች ጣት ፊት አፈሩ።

ፓውማንም ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። በኑረምበርግ በቅዱስ ዜባልድ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወት ነበር። ዝናው ሲወጣ የከተማው ምክር ቤት ሰው እንዳይነጥቀው ሠጋ፤ በ1447 ያለ ፈቃድ ከከተማው እንዳይወጣ ቃል አስገባው። በ1450 ግን በስውር ወጥቶ ሙኒክ ገባና ለባቫሪያው መስፍን ለአልብሬክት ሦስተኛ አደረ። በ1470 ወደ ማንቱዋ ተጉዞ በጎንዛጋ ቤተ መንግሥት ሲጫወት ኢጣሊያኖች አደነቁት። አንድ ከተማ እንዳያመልጠው ቃል የሚያስገባው፣ ሌላው የሚያስኮበልለው ሰው የጥላ ካሣ የሚከፈለው ሰው አይደለም። ሆኖም ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። ሊያስቀሩት የፈለጉት ስለሚያከብሩት ነው፤ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ያስማሉት ደግሞ እንደ ንብረታቸው ስለሚቆጥሩት ነው።

ድምፅና ወረቀት

ተጫዋቾቹ የሚጫወቱት ከቃል ነበር። ዜማውን በልቡናቸው ይዘው፣ በላዩ ላይ እየፈጠሩ፣ እያስጌጡ ይሄዳሉ። ስለዚህ የሞቱ ዕለት ሥራቸውም አብሮ ይቀበራል። ለዚህ የፒየትሮቦኖ ታሪክ ይበቃል። እርሱ የፌራራው የኤስቴ ቤተ መንግሥት ሉት ደርዳሪ ነበር፤ ገጣሚዎች አወድሰውታል፤ በ1457 ጆቫኒ ቦልዱ ምስሉን ቀርጾ ሜዳልያ ሠርቶለታል። ፊቱ በነሐስ ዛሬ ድረስ አለ። ከደረደረው ግን አንዲት ዜማ እንኳ አልደረሰችንም።

ይህን የለወጠው ማተሚያ ቤት ነው። ኦታቪያኖ ፔትሩቺ በ1501 በቬኒስ የመጀመሪያውን የብዙ ድምፅ ሙዚቃ መጽሐፍ በተንቀሳቃሽ ፊደል አተመ። በ1507 ደግሞ የፍራንቼስኮ ስፒናቺኖን የሉት መጽሐፍ አወጣ፤ ለሉት የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። አጻጻፉ ለዜማ ሊቃውንት የሚሆን አልነበረም። መስመሮቹ የመሣሪያው ጅማቶች ናቸው፤ ቁጥሮቹም ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ያሳያሉ። ዜማ ቆጥሮ ያልተማረ ነጋዴ ወይም የነጋዴ ሚስት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሊለማመዱበት ይችላሉ። በአንትወርፕም የከተማው ነፊ የነበረው ቲልማን ሱሳቶ ራሱ አታሚ ሆነ፤ በ1549 ከከተማው ሥራ ተሰናብቶ በ1551 የጭፈራ ዜማዎችን አሳተመ። በየሠርጉና በየአደባባዩ ሲነፋ የኖረውን ዓይነት ዜማ ሙያውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው በወረቀት አኖረው። ዛሬ የህዳሴ ዘመን ጭፈራ ብለን የምንሰማው ብዙው ከዚያ መጽሐፍ የተቀዳ ነው።

የዚህ ዘመን ፍሬ የሆነው ፍራንቼስኮ ዳ ሚላኖ (1497–1543) ነው። ለሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ሉት ደርድሯል፤ ሕዝቡም «መለኮታዊው» ይለው ነበር፤ ለሚኬላንጄሎ የተሰጠውን ያህል ስም ማለት ነው። ፖንቱስ ደ ቲያር የተባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ በ1555 እንደጻፈው፣ ፍራንቼስኮ በአንድ ግብር ላይ ሲደረድር እንግዶቹ ጨዋታቸውን ትተው፣ እንደ ደነዘዙ ሆነው ቀሩ፤ ከዚያ በሌላ ዜማ ነፍሳቸውን መለሰላቸው። የፍራንቼስኮ ከ100 በላይ ሥራዎች በወረቀት ደርሰውናል። ከፒየትሮቦኖ የሚለየው በችሎታ መብለጡ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ በወረቀት መቅደሙ ግን የታወቀ ነው።

የጨዋ መሣሪያ፣ የቅጥረኛ መሣሪያ

በ1528 ባልዳሳሬ ካስቲልዮኔ ስለ ፍጹም የቤተ መንግሥት ሰው የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። በመጽሐፉ እንደተባለው ጨዋ ሰው ሙዚቃ ማወቅ አለበት፤ ማንበብም መደርደርም ይገባዋል። ነገር ግን እንደ ሙያተኛ መስሎ መታየት የለበትም፤ ሲለምኑት እምቢ እያለ፣ ጊዜና ቦታ እየመረጠ፣ እንደ ዋዛ አድርጎ ይጫወት። ከመሣሪያም የጅማቱ ይሻለዋል። የሚነፋው ፊትን ያበላሻል፤ የጥንቷ አምላክ ሚነርቫና የአቴናው አልኪቢያዴስ ንቀውታል ይላል።

ልብ ብለን ብናይ ይህ ምክር ግድግዳ ነው። ሙዚቃ ወደ ጨዋው ቤት ገባች፤ ሙዚቀኛው ግን ከደጅ ቀረ። የማንቱዋ እመቤት ኢዛቤላ ዴስቴ ሉት ትደረድራለች፤ መሣሪያዎቿን በዝነኛ ሠሪ እጅ ታሠራለች፤ ይህም ያስከብራታል። ያንኑ ዜማ በደመወዝ የሚጫወተው ሰው ግን ከአገልጋዮች ተራ ነው። ጥበቡ አንድ ሆኖ ሳለ ክብሩን የሚወስነው ገንዘብ መቀበል ወይም አለመቀበል ሆነ።

ግድግዳው ለሴቶች ሌላ መልክ ነበረው። የከተማ ነፊነት ሥራ በአብዛኛው ለወንዶች ነበር። በፌራራ የቅዱስ ቪቶ ገዳም መነኮሳይያት ግን ኮርኔትና ትሮምቦን ጭምር ይጫወቱ ነበር፤ ኤርኮሌ ቦትሪጋሪ በ1594 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታቸውን ከሰማው ሁሉ አብልጦ ያደንቃል። ካስቲልዮኔ ለጨዋ ወንድ እንኳ የነፈገውን የሚነፋ መሣሪያ እነርሱ ከገዳም ቅጥር ውስጥ ሆነው ወደ ፍጽምና አደረሱት።

የባሳኖ ቤት

የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ራሱ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ነበር። በ1540 ገደማ ከቬኒስ አምስት የባሳኖ ወንድማማቾችን አስመጣ። እነርሱ ነፊዎችም መሣሪያ ሠሪዎችም ናቸው። ንጉሡ ገዳማትን አፍርሶ ነበርና መኖሪያ የሰጣቸው ባዶ ከቀረው አንዱ ገዳም ውስጥ ነው። የዋሽንት ቡድናቸው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ ለብዙ አሥርት ዓመታት በቤተ መንግሥት ቆየ። የቤተሰቡ ዘር አይሁዳዊ ሳይሆን እንደማይቀር የሚያምኑ ተመራማሪዎች አሉ። አይሁድ ከ1290 ጀምሮ ተባርረው በነበሩባት አገር፣ ዋሽንት መንፋት የመኖሪያ ፈቃድ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ከአምስቱ አንዱ ባፕቲስታ በ1569 የተጠመቀች ኤሚልያ የምትባል ልጅ ነበረችው። ሰባት ዓመት ሲሆናት አባቷ ሞተ። በ1592 አልፎንሶ ላንየር የተባለ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ አገባች። በ1611 ደግሞ የግጥም መጽሐፍ አሳተመች፤ በእንግሊዝ አገር በስማቸው የግጥም መድበል ካሳተሙ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ስለ ክርስቶስ ሕማም እየጻፈች ለሔዋንና ለሴቶች ሁሉ ጥብቅና ትቆማለች። ብዙ አንባቢ ግን ያወቃት በዚህ አይደለም። በ1973 አንድ የታሪክ ጸሐፊ የሼክስፒር ጥቁሯ እመቤት እርሷ ናት ብሎ ስለ ተናገረ ነው፤ ማስረጃ የሌለው ግምት ነው። የሙዚቀኛው ልጅ በራሷ ስም ጽፋ ሳለ፣ የሚታወሳት የሌላ ሰው ጥላ ሆነ።

የጆን ብላንክ አቤቱታ

በ1511 አዲስ ዓመት ለሄንሪ ስምንተኛና ለካተሪን ወንድ ልጅ ተወለደ። በየካቲት በዌስትሚንስተር ታላቅ የፈረስ ጉግሥ ተደረገ። ሕፃኑ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ፤ የበዓሉ ሥዕል ግን 18 ሜትር ያህል በሚረዝም የብራና ጥቅል ላይ ተርፏል። በጥቅሉ ላይ ስድስት መለከት ነፊዎች በፈረስ ተቀምጠው ይታያሉ። ከእነርሱ አንዱ ጥቁር ሰው ነው፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ገልጠው ሲነፉ እርሱ ሻሽ ጠምጥሟል። ሰልፉ ሲወጣም ሲመለስም ስለተሣለ ሁለት ጊዜ እናየዋለን።

ስሙ ጆን ብላንክ ነው፤ «ብላንክ» ነጭ ማለት ነውና በቀለሙ ሳይቀለድበት አልቀረም። በ1507 በሄንሪ ሰባተኛ የሒሳብ መዝገብ በቀን 8 ፔኒ ሲከፈለው እናገኘዋለን። ይህ ተራ የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሄንሪ ስምንተኛ ከነገሠ በኋላ ዶሚኒክ የሚባል መለከት ነፊ ሞተ። ጆን ብላንክ ለንጉሡ አቤቱታ አቀረበ። የምቀበለው ደመወዝ እንደ ጓደኞቼ ሆኜ ንጉሡን ለማገልገል አይበቃኝም፤ የሟቹ ቦታና ደመወዙ ይሰጠኝ ነው የሚለው፤ በቀን 16 ፔኒ ማለት ነው። ንጉሡ ፈቀደለት። በ1512 ሲያገባም ከንጉሡ ልብስና ባርኔጣ ተሰጠው። በ1514 በተጻፈው የነፊዎች ዝርዝር ስሙ የለም።

ይህን አቤቱታ ከዛክሰንሽፒገል አጠገብ ማስቀመጥ ይገባል። በቀድሞው ሕግ ሙዚቀኛው ካሣው ጥላ ነበር። እዚህ ግን ከሩቅ አገር ዘር የሆነ፣ በስሙ የሚቀለድበት ነፊ ለንጉሥ ማመልከቻ ያቀርባል፤ ምጽዋት አይለምንም፤ የሥራውን ዋጋ ከጓደኞቹ ጋር አስተካክሎ ይጠይቃል፤ ያገኛልም።

ወደ ልብነ ድንግል ድንኳን የመጣው ተጫዋች

በእነዚሁ ዓመታት አንድ የአውሮፓ ሙዚቀኛ ወደ አገራችን መጥቷል። በ1520 በሮድሪጎ ዴ ሊማ የተመራው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን ምጽዋ ሲወርድ ከስጦታዎቹ መካከል ኦርጋን ነበረበት። ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተጓዦቹን ስም ሲዘረዝር ኦርጋን ተጫዋቹን ማኑኤል ዴ ማሬስን አልረሳውም። በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ፖርቱጋሎቹ በንጉሡ ጥያቄ በቁልፍ መሣሪያ ታጅበው እንደ ዘፈኑና እንደ ጨፈሩ ይተርክልናል። መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታተመ።

ዴ ማሬስ ምን እንደተጫወተ አልተጻፈም። ዜማው በዚያ ድንኳን ቀርቷል፤ የፒየትሮቦኖ በፌራራ እንደቀረው፣ የቼሊኒ አባት ትንፋሽ በፍሎረንስ እንደቀረው ሁሉ። ስሙ ግን ተጽፏል። ከሉት መጽሐፍ፣ ከመቃብር ድንጋይ፣ ከደመወዝ መዝገብ፣ ከአንድ ቄስ የጉዞ ማስታወሻ እየለቀምን የምናገኛቸው እነዚህ ስሞች ጥቂቶች ናቸው። በቤሊኒ ሰልፍ ውስጥ ጉንጫቸው ተነፍቶ የሚታዩት፣ በሊል በጋግር ውስጥ የተቀመጡት 28ቱ አብዛኞቹ ስም አልባ ናቸው። ከእንግዲህ የዚያን ዘመን ጭፈራ ስንሰማ፣ ዜማውን ከማተሚያ ቤቱ በፊት በጣታቸውና በትንፋሻቸው ይዘው ያቆዩልንን እናስብ።